የአረጋውያን ጥርስና የማኘክ አቅም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችና ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ ከበድ ያለው እንሄዳለን።

ሰው ሲያረጅ ጥርሱ መርገፉ ያለ ነገር አይደለም እንዴ?

የተለመደ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግነው ጥርሳቸው ካለቀ አያቶች ጋር ስለሆነ ጥርስ ማጣት እንደ ሽበት ጊዜው ሲደርስ የሚመጣ ይመስለናል። ጥርስን የሚያረግፉት በዋናነት ሁለት ሕመሞች ናቸው። አንዱ ጥርሱን ራሱን ይቦረቡረዋል፤ ሌላው ጥርሱን አቅፎ የያዘውን ድድና አጥንት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሁለቱም ሥራቸውን ለመጨረስ ዓመታት ስለሚፈጅባቸው በ40 ዓመት የጀመረው ነገር በ65 ጎልቶ ሲወጣ በእርጅና ይላከካል።

ጃፓኖች ይህን በአገር ደረጃ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 «8020» የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ በ80 ዓመት 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ማለት ነው። ያኔ ይህን የሚያሟላ የ80 ዓመት አዛውንት ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 20 እና ከዚያ በላይ ጥርስ ነበራቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰዎቹ አፈጣጠር አልተለወጠም፤ ልማዳቸውና የሚያገኙት ሕክምና ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርትም በዓለም ላይ 60 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ጨርሰው ያጡት 23 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከአራት ሰው ሦስቱ ቢያንስ ጥቂት ጥርስ ቀርቶታል ማለት ነው።

ለምን 20? 32ቱም አያስፈልጉም?

32 የሚሞላው በየማዕዘኑ መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት አራት መንጋጋዎች ሲቆጠሩ ነው፤ እነሱ ባይኖሩም ማንም አይራብም። ከቀሩት 28 ውስጥ 20 ያህሉ ደህና ከሆኑ አብዛኛው ሰው የለመደውን ምግብ ብዙም ሳይመርጥ ይበላል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። የላይ ጥርስ ከታች የሚገናኘው ከሌለ ወፍጮ እንደሌለው መጅ ነው፤ ብቻውን የሚፈጨው ነገር የለም። ላይ በቀኝ በኩል፣ ታች በግራ በኩል ብቻ ጥርስ የቀረው ሰው ሲቆጠር አሥራ አራት ሊኖረው ይችላል፤ ሲያኝክ ግን ከፊት ለፊቶቹ በቀር አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ስለዚህ ሐኪም «ይህቺን መንጋጋ እናትርፋት» ብሎ ሲደክም የሚያስበው ስለ አንድ ጥርስ ሳይሆን ስለ አንድ ጥንድ ነው። አንዱን ማስነቀል ተቃራኒውንም ሥራ ፈት ያደርገዋል።

ወላጆቼ ማኘክ እየከበዳቸው መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት።

ዋሽተው አይደለም። ሰው ማኘክ ሲያቅተው ምግቡን ይለውጣል እንጂ አቤት አይልም። መጀመሪያ ቆሎው ይቀራል፤ ቀጥሎ ቋንጣው፣ የበቆሎ እሸቱ፣ ቁርጡ። በመጨረሻ ፍትፍትና ዳቦ በሻይ ብቻ ይተርፋል፤ ያን ጊዜም «ምን ጎደለብኝ?» ይላሉ። እኔ ራሴ አያቴ በሶ የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። ገብሱን ቆልተው የእኛን ድርሻ ቆሎውን እንዳለ ሰጥተው የራሳቸውን ለምን እንደሚያስፈጩት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«ማኘክ ይችላሉ?» ብለው አይጠይቁ። «ዱሮ ይበሉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ማዕድ ላይም ይመልከቱ፦ በአንድ ጎን ብቻ ያኝካሉ? ጉርሻውን በውሃ ነው የሚያወርዱት? ሥጋውን አኝከው አኝከው አውጥተው ያስቀምጣሉ? ከሁሉ ኋላ መጨረስ ጀምረዋል? ልብሳቸው እየሰፋቸው ነው? ጃፓን ውስጥ ይህን የሚለኩት ሲታኘክ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ በሚለወጥ ማስቲካ ነው፤ እቤት ግን ማዕዱ ራሱ በቂ መለኪያ ነው። ለሙከራ ብላችሁ ቆሎ አታቅሙ፤ ትን ሊላቸው ይችላል።

በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን፣ እንዴት ይቦረሽ?

ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ ያህል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚቻል ከሆነ የማታው ይሁን። እኛ ዘንድ ጥርስ የሚታጠበው ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ነው፤ ማታ ጭራሽ አይታሰብም። ሰው ሲተኛ ግን ምራቁ በእጅጉ ስለሚቀንስ አፍ ውስጥ የቀረው ምግብና ተሕዋስ ሌሊቱን ሙሉ የሚከለክላቸው የለም።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። የጥርስ ሳሙናው (ኮልጌት እያልን የምንጠራው ሁሉ) ፍሎራይድ (ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚያጠነክር ንጥረ ነገር) ያለበት፣ መጠኑም ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ppm) የሆነ ይሁን፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብሩሹን ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ አጋድሞ በትንሽ በትንሹ ማዞር ነው። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ የሚገዘግዙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ጥርሳቸው ከድዱ ሥር ይሰረጉዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያንዘፈዝፋቸውም ለዚህ ነው። ከሰል፣ አመድና ደረቅ ጨው ለጊዜው ያነጣሉ፤ የሚያነጡት ግን ፍቀው ነው። ሲጨርሱ አረፋውን መትፋት ይበቃል፤ በብዙ ውሃ ከተጉመጠመጡ ፍሎራይዱ አብሮ ይሄዳል።

ዕድሜ ሲገፋ ድድ ስለሚሸሽ በጥርሶች መሃል ክፍተት ይሰፋል፤ ሥጋ የሚሰነቀረውም እዚያ ነው። ስቴኪኒ ሥጋውን ያወጣል እንጂ አያጸዳም፤ ሲሰበርም ድድ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ በጥርስ መሃል የምትገባው ትንሿ ብሩሽ ትሻላለች፤ በጥርስ መሃል ከሚሳበው ክርም ይልቅ ለአረጋዊ እጅ ትመቻለች። ጣታቸው በቁርጥማት ለተያዘ ሰው የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር ወይም በባትሪ የሚሠራ ብሩሽ መግዛት ትልቅ እገዛ ነው።

መፋቂያ ብሩሽን ይተካል?

በከፊል። መፋቂያን የሚንቅ ሰው አይመቸኝም፤ በደንብ የሚፍቅ አረጋዊ ብሩሽ ገዝቶ በሳምንት አንዴ ከሚያነሣው ወጣት ይሻላል። የወይራም ሆነ የሌላ መፋቂያ የጥርስን የውጭ ገጽ ጥሩ አድርጎ ያጸዳል። የማይደርስበት ቦታ ግን አለ፦ የጥርስ የውስጥ ገጽ፣ የጥርስ መሃልና የኋላ መንጋጋ። በብዛት የሚበሰብሰውም እዚያው ነው። ፍሎራይድም የለውም።

ስለዚህ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽ ከሳሙና ጋር ቢሆን ጥሩ ስምምነት ነው። ጫፉ አኝከው ያለሰለሱት ይሁን፤ የቆየውን ጫፍ እየቆረጡ ይጣሉ። ድዳቸው የሸሸባቸው ሰዎች በደረቅ እንጨት ሥሩን ባይፍቁ ይመረጣል።

በጾም ቀን ጥርስ መቦረሽስ?

የሃይማኖቱን ወገን የሃይማኖት አባቶች ይመልሱት። በጤናው ወገን፦ ሰው ሲጾም ምራቁ ስለሚቀንስ አፉ ይሸታል፣ ጥርሱም ለመበስበስ ይጋለጣል። ከመተኛት በፊት፣ ወይም ጾሙ ከመያዙ በፊት ካለው የመጨረሻ ማዕድ በኋላ መቦረሽ ችግሩን በብዙ ያቃልላል።

ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ትቻለሁ። ልክ ነኝ?

ተቃራኒው ነው ልኩ። ድድ የሚደማው በድዱ ጠርዝ ላይ የተጋገረው ስስ ቆሻሻ ስለሚያስቆጣው ነው፤ ቆሻሻው ሲተው ደግሞ ይብሳል። በለስላሳ ብሩሽ ያንኑ የሚደማውን ቦታ ቀስ ብለው በየቀኑ ያጽዱ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ቆሻሻው ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኗልና ብሩሽ አያወጣውም፤ ሐኪም ዘንድ መታጠብ አለበት።

ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ድዳቸው ስለማይደማ ደህና የሆኑ ይመስላቸዋል። ትንባሆ የድድን ደም ሥር ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቀዋል፤ ሕመሙ ግን ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይሄዳል።

ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ይባላል።

ይህን ያልሰማ የለም፤ አመጣጡም ግልጽ ነው። ዓመታት የተከማቸ የጠጠረ ቆሻሻ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ሲነሣ፣ ቀድሞውኑ አጥንቱ ተበልቶ ላልቶ የነበረው ጥርስ ይታወቃል፤ ክፍተቱም ይገለጣል፤ ለጥቂት ቀንም ቀዝቃዛ ነገር ይሰማል። እጥበቱ ያላላው አንዳች ነገር የለም። ሳይታጠብ ቢቆይ ግን አጥንቱ መበላቱን ይቀጥላል።

የተነቃነቀ ጥርስ መፍትሔው መንቀል ብቻ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ትንሽ የሚነቃነቅ ጥርስ ከሥሩ በደንብ ሲጸዳና ባለቤቱ በየቀኑ ሲይዘው ጠበቅ ሊል፣ እንዲያው እየተነቃነቀም ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። የተበላ አጥንት ግን ባብዛኛው ተመልሶ አይበቅልም፤ ሕክምናው የቀረውን ማትረፍ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ወይም በራጅ ሲታይ የሚይዘው አጥንት ያለቀበት ጥርስ ግን ከነመግሉ ከሚቆይ ቢነቀል ይሻላል።

እኛ አገር ብዙ ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ነው፤ የሚጠይቀውም «ንቀልልኝ» ብሎ ነው። መንቀል ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ሁለቱም ወገን ይስማማሉ። ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ማትረፍ ይቻላል ወይ? ቢቻል ስንት ይፈጃል?» ከባድ መንጋጋ ከሆነ፣ የሥር ሕክምናው (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ መድፈን) ውድ መስሎ ቢታይም፣ በምትኩ ከሚተከለው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጎዳል?

አይጎዳም። የላይ ጥርስ ነርቭና የዓይን ማያ ነርቭ የተለያዩ ናቸው። ዓይንም የሚደክመው ጥርስ በሚያልቅበት ዕድሜ ስለሆነ ሁለቱ ተያይዘው ተወሩ።

አፌ ሁልጊዜ ይደርቃል። ከጥርሴ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ምራቅ አሲድን ያረክሳል፣ ምግብን ያጥባል፣ ጥርስን ይጠግናል። ሲቀንስ፣ ድዱ ሸሽቶ የተገለጠው የጥርስ ሥር ቶሎ ይቦረቦራል፤ ሥሩ እንደ ላዩ ጠንካራ ልባስ የለውምና። በአረጋውያን ላይ ጥርስ ከድዱ ሥር ድንገት ተሰብሮ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ የድባቴ፣ የአለርጂና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ፤ ሲደራረቡ ደግሞ ይብሳል። በራስዎ አያቋርጡ፤ ለሐኪሙ ይንገሩና መለወጥ ወይም መጠኑን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። እስከዚያው ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ፣ ማታ ፍሎራይድ አለማስታጎል። የቦረቦረ ሥር ካለ ሐኪም ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ሳሙና ሊያዝ ይችላል።

አንድ የማይታይ ጠላት አለ፦ ስኳር የበዛበት ሻይ። አፉ የደረቀ አረጋዊ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ እየተጎነጨ ይውላል፤ ጥርሱ ለአፍታ እንኳ ከስኳር አያርፍም። ስኳሩን መቀነስ ከባድ ከሆነ ቢያንስ ሻዩ ከምግብ ጋር ይሁንና በመካከሉ ውሃ ይጠጣ። ጫትም ያው ነው። ራሱ አፍ ያደርቃል፤ ከስኳርና ከለስላሳ መጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ያሉትን ጥርሶችና ድድ ለይቶ ያጠቃል።

ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ምን ይዘጋጅ?

ስሕተቱ ለስላሳ ምግብ መስጠቱ አይደለም፤ ለስላሳው ሁሉ እህል ብቻ መሆኑ ነው። ዳቦ በሻይ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ፍትፍት ሆድ ይሞላሉ፤ ጡንቻ ግን በእነሱ ብቻ አይቆምም። ደግነቱ የእኛ ማዕድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ሽሮ፣ ክክ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ ክትፎ ለብለብ ብሎ (ሥጋው የተከተፈ ስለሆነ ቁርጥ ያቃተው ሁሉ ይበላዋል)፣ እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ ዓሣ። በጾም ወራት ሽሮና ተልባ ቦታውን ይሸፍናሉ። ጎመኑ ደቆ ይከተፍ፤ ቆሎው በንፍሮ ይተካ፤ ካሮቱ ይቀቀል። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ጥርስ አይጠይቁም።

ሁሉን ነገር ፈጭቶ ማቅረብም ጥሩ አይደለም። ትንሽም ቢሆን ማኘክ የሚችል ሰው ማኘኩን ካቆመ የመንጋጋው ጡንቻ ይደክማል፣ ምግቡም ጣዕም ያጣበታል።

ጥርስ ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክሳለሁ፤ ካልተሻለኝ አሞክሳሲሊን እገዛለሁ። ችግር አለው?

ቅርንፉድ እውነትም ያደነዝዛል፤ ከዘይቱ የሚወጣውን ንጥረ ነገር የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ያቃጥላል፤ ሁለት ቁስል ይዘው ይመጣሉ።

አንቲባዮቲኩ እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል። በጥርሱ ሥር ያለው መግል መውጫ ካላገኘ ተመልሶ ይመጣል፤ በመካከሉ ተሕዋሱ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ፊት ወይም አገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ ፋርማሲ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ይዘጋል።

ያደግሁት ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ጥርሴ ቡናማ ነው። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ያባብሰዋል?

አያባብሰውም። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ በርካታ የጉድጓድ ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አላቸው። ቡናማው ቀለም የተቀረጸው ጥርሱ በልጅነት ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ከበቀለ በኋላ ላዩን የሚቀባ ሳሙና አይጨምረውም። የሚያሳስበው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ለዓመታት ከተጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያም ይጎዳልና። ጥርሱ ቀለሙ ቢከፋም ለማኘክ ባብዛኛው ይበቃል፤ ክፉኛ የተጎዳው ግን እየተፈረፈረ ስለሚሄድ ሽፋን ያስፈልገዋል።

እናቴ ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። አሁን የሚያመጣው ጉዳት አለ?

በልጅነታቸው ለውበት፣ ድድም ያጠነክራል ተብሎ የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ቀለሙ ራሱ ከዓመታት በኋላ ጉዳት አያመጣም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም የድድን መቅላት ስለሚሸፍን መቆጣቱ በዓይን አይታይም፤ መድማትን፣ ሽታንና መነቃነቅን ይከታተሉ። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሐኪም እንዲህ ያለ ድድ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ካንሰር ጠርጥሮ ናሙና ልውሰድ እስከማለት ይደርሳል። አስቀድሞ «ንቅሳት ነው፤ በልጅነቴ የተደረገ» ማለት ከብዙ ድንጋጤ ያድናል። ቀለሙ እየሰፋ ከሄደ፣ ካበጠ ወይም ቁስል ከወጣበት ግን ንቅሳት ነው ብሎ መተው አይገባም። በየትኛውም የአፍ ክፍል ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል መታየት አለበት።

ተነቃይ ጥርስ፣ ብሪጅ ወይስ ኢምፕላንት?

በኪስም በአፍም ይወሰናል። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ርካሹ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ያለው ሰው የሚነክስበት ጉልበት ከራስ ጥርስ አንድ አራተኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። የላዩ ላንቃ ላይ ስለሚጣበቅ ይያዛል፤ የታችኛው ግን ምላስ ስለሚገፋው ይዋልላል። «አሠራሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው» የሚሉ አረጋውያን አብዛኞቹ የሚያማርሩት የታችኛውን ነው። ለዚህ ነው ታች ሁለት ክራንቻ እንኳ ከቀሩ እንዲቆዩ የሚፈለገው፤ ተነቃዩ እነሱ ላይ ይደገፋል።

ብሪጅ በግራና በቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በእነሱ ላይ ያርፋል፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ጥሩ ነው። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ ይተከላል። ዕድሜ ብቻውን አይከለክለውም፤ ቁጥጥር የሌለው ስኳርና ሲጋራ ግን ያበላሹታል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ በፍጥነት የሚሟሽሸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ፣ አስበውበት ከሆነ ከማስነቀልዎ በፊት ይጠይቁ። ከውጭ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ለሚያሠሩ፦ ከተተከለ በኋላ አጥንቱ እስኪይዘው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። በሦስት ሳምንት ፈቃድ ሁሉም የሚያልቅ አይምሰልዎት፤ የገባው ኢምፕላንት ዓይነትና መጠን የተጻፈበትንም ወረቀት ይዘው ይመለሱ።

አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሌሊትም አያወልቁም። ልተዋቸው?

አይተዋቸው፤ በእርጋታ ያስለምዷቸው። ድድ ማረፍ አለበት፤ ሌሊትም ካልወለቀ ከሥሩ ፈንገስ ይራባል፣ ላንቃው ይቀላል። ከዚህ የሚከፋም አለ። ጃፓን ውስጥ 85 ዓመት በሞላቸው ከ500 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ በልጦ ተገኝቷል። አፍ ውስጥ የተራባው ተሕዋስ በእንቅልፍ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ እንደሚወርድ ይታሰባል።

አውልቆ በብሩሽና በተራ ሳሙና ማጠብ፣ ሌሊት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማኖር ነው። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። መታጠቢያው ላይ ፎጣ ያንጥፉ፤ አብዛኛው የሚሰበረው እዚያ ወድቆ ነው። ድዱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ በየተወሰነ ዓመት ውስጡ መሞላት ወይም መለወጥ አለበት። ሲቆረቁር በምላጭ መፋቅ ያበላሸዋል።

የስኳር፣ የግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጥርሱን ማስነቀል ይችላል?

ይችላል፤ መናገር ግን አለበት። የመድኃኒቶቹን ሳጥን ሁሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ከቃል ይበልጣል። ስኳር ያለበት ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶና መድኃኒቱን እንደወትሮው ወስዶ ይሂድ። ስኳርና የድድ ሕመም ደግሞ እርስ በርስ የሚባባሱ ናቸው፦ ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይበሰብሳል፤ ድዱ ሲቆጣ ስኳሩ አልወርድ ይላል። ግፊቱ 180 በ110 ከደረሰ ሐኪሙ ነቀላውን ሊያስተላልፈው ይችላል፤ አይቆጡት። አምሎዲፒንና ኒፈዲፒን የሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣሉ። ድዱ በጥርሱ ላይ ሲወጣ ያዩ ሰዎች ይህን ለሐኪማቸው ያንሡ።

ደም ማቅጠኛ (አስፕሪን፣ ዋርፋሪን) የሚወስድ ሰው በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ። ከድድ የሚደማ ደም በጥጥ ተጭኖ ይቆማል፤ አንጎል ውስጥ የረጋ ደም ግን አይመለስም። ለዋርፋሪን አስቀድሞ የደም ምርመራ ይደረጋል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ከነቀላ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር እንደ አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ ከነቀላ በኋላ የመንጋጋው አጥንት ላይድን ስለሚችል፣ ከተቻለ የሚነቀለው ሁሉ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይነቀል።

ወጪውን የሚሸፍን አለ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም፤ እንደ ውበት ሥራ ነው የሚቆጥረው። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ መብላት ጌጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መደበኛው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) የተለመደውን የጥርስ ምርመራ፣ እጥበትና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይከፍልም። በግል መድን ድርጅቶች በኩል የሚሰጡት አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዶች ይከፍላሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሆነው ሜዲኬይድ እንደየስቴቱ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ 60 ዓመት መሙላት ብቻውን ጥርስን ነጻ አያሳክምም። እስራኤል ከ2019 ጀምሮ 75 ዓመት የሞላቸውን በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) በኩል ማሳከም ጀምራለች፤ የዕድሜው ወሰን በኋላ ዝቅ ብሏል። ካናዳም በ2023 መጨረሻ የጀመረችውን የጥርስ ዕቅድ መጀመሪያ የከፈተችው ለአረጋውያን ነው።

ጥርስ ማጣት የመርሳት ሕመም ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ጥርሳቸው ያለቀ አረጋውያን ላይ የመርሳት ሕመም በብዛት መታየቱ በብዙ አገር ጥናቶች ተደጋግሞ ተገኝቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ለማለት ግን አይበቃም። መርሳት የጀመረ ሰው መቦረሽም ይረሳል፤ ድህነት፣ ሲጋራና ስኳርም ጥርስንም አንጎልንም አብረው ይጎዳሉ። ጥርስ ስላስተከሉ የማስታወስ ችሎታ ይመለሳል የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት።

የመርሳት ሕመም ወይም ስትሮክ ያለባቸውን ሰው እንዴት ላጽዳ? አፋቸውን አይከፍቱልኝም።

ከፊት ቆመው አይጀምሩ፤ ያስፈራል። እሳቸው ወንበር ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ እርስዎ ከጎን ወይም ከኋላ ሆነው አገጫቸውን በቀስታ ይደግፉ። ብሩሹን መጀመሪያ በእጃቸው ያስይዟቸው፤ እጅ የለመደውን አንዳንዴ ራሱ ያስታውሳል። ወይም እርስዎ የራስዎን ጥርስ እየቦረሹ ያሳዩአቸው። ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ይሁን። ጣትዎን በጥርሳቸው መካከል አያስገቡ፤ ሳያስቡት ይነክሳሉ።

ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በደከመው ጎን ጉንጭ ውስጥ ምግብ ተወሽቆ ይቀራል፤ እነሱም አይሰማቸውም። ከማዕድ በኋላ ያንን ጉንጭ ከፍተው በርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሲያጎርሱም ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ የፍቅር ጉርሻ ትልቅ ነው ብለን የለመድነው እዚህ ጋ አይሠራም። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ ይቆዩ። ደህና የሚሆኑበት ሰዓት ከቀኑ የትኛው እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ ብሩሹን በዚያ ሰዓት ያድርጉት። እምቢ ካሉ አይታገሉ፤ ትንሽ ቆይተው፣ ሌላ ሰው ይዞላቸው ወይም ራዲዮ ከፍተው እንደገና ይሞክሩ።